የሌላ ሰው ማፈግፈግ

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኝ ቦንግ የሾርባ ሳህኑን ገፋ አድርጎ የሳምንቱን ተጋጣሚ ስም ሲጠራ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ማ ዶግዮምን ነበር። የተጠራው ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ቅዳሜው ግጥሚያ ድረስ እሱ ነውና።

«ኩ ጂሃክ» አለ አሰልጣኙ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ኩ ጂሃክ!» አለ ቅዳሜ የሚገጥመው ቴዩል ከጠረጴዛው ማዶ። «ቅዳሜ ስለማደርስብህ ነገር ከወዲሁ ይቅርታ። እስከዚያው ያንን የጎመን ኪምቺ ወዲህ በለው።»

«በደንብ ብላ፤ የመጨረሻ ቁርስህ ነው» አለው ዶግዮም ሳህኑን እያቀበለ።

ሳቁ። ይህ የሆነው በመከር ወቅት፣ ሶል ውስጥ ሲሊም ሰፈር ዳገቱ ላይ ባለው የቡድኑ ቤት ነው። በአንዱ ክፍል ተደራራቢ አልጋዎች፣ በሌላው ክፍል ሁለት ረድፍ ኮምፒውተሮች፤ ወጣቶቹ ከቁርስ ተነስተው ጫማ ሳያደርጉ ሥራ ይገባሉ። ሥራቸው ጨዋታ ነው። ለሁለት ተጋጣሚዎች እኩል ሠራተኞችና አንዳንድ ሰፈር ይሰጣቸዋል። ማዕድን ያስቆፍራሉ፣ ጦር ያሠለጥናሉ፣ ሁለተኛ ሰፈር ይመሠርታሉ፣ ጨለማ የለበሰውን ካርታ ያሰልላሉ። ተራ መጠበቅ የለም፤ አንዱ ሲያስብ ሌላው እየሠራ ነው። የሚሸነፈው ሰው ሰፈሩ ሙልጭ ብሎ እስኪፈርስ አይጠብቅም። «ጂጂ» ብሎ ሁለት ፊደል ይጽፋል፤ መልካም ጨዋታ ነበር እንደ ማለት ነው፤ ከዚያ ይወጣል። ሳይጽፍ የወጣ ሰው ባለጌ ተብሎ ስሙ ሲነሳ ይኖራል።

ዶግዮም በቤቱ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል፤ ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሉት። በቴሌቪዥን ግን አንድም ቀን ታይቶ አያውቅም። የእሱ ድርሻ ሌላ ነበር። የተጋጣሚውን የጨዋታ ቅጂዎች ይሰበስባል። መጀመሪያ ጨዋታውን ሙሉውን ያያል። በሁለተኛው የሰውየውን ዓይን ብቻ ይከተላል፤ ካርታው ላይ መቼ የት እንደሚመለከት። በሦስተኛው እጁን፤ ሥራ ሲፈታ ጣቶቹ የትኛውን ጦር በከንቱ እየመረጡ እንደሚለቁ፣ ሰላይ ሠራተኛውን በቀኝ ይልክ በግራ። ከዚያ የኪቦርዱን አደራደር እንደ ሰውየው ይለውጣል። ጂሃክ እግረኛውን አንድ ቁጥር ላይ፣ ታንኮቹን አራት ቁጥር ላይ ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ የዶግዮምም ታንኮች አራት ላይ ይሄዳሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላይ ቴዩል ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ረስቶ «ይሄ ጂሃክ የሚባል አናዳጅ!» ብሎ ሲሳደብ፣ ዶግዮም ሥራው እንደሰመረ ያውቃል።

ማሸነፍ ግን ሥራው አልነበረም። አሰልጣኝ ቦንግ ገና በመጀመሪያው ዓመት ትከሻውን ይዞ ነግሮታል፦ «ጥንካሬውን ብቻ ካመጣህልኝ ግማሹን ነው ያመጣህልኝ። ስትሸነፍም እንደ እሱ ተሸነፍ።»

ስለዚህ ድክመትን መማር ያዘ። አንዱ ሀብት ሲበዛበት ማሠልጠን ይረሳል፤ ሌላው ዝናብ የሚዘንብበት ካርታ ላይ ይቸኩላል። የጂሃክ ድክመት ከሁሉም የከፋ ነበር። ሁለት ቦታ ባንድ ጊዜ ሲመቱት፣ ፊት ለፊት እያሸነፈ ቢሆን እንኳ፣ ጦሩን በሙሉ ወደ ዋናው ሰፈር ይመልሳል። ያቺን ያገኘው ዶግዮም ነው። እጁ ሳያስብ እስኪያደርጋት ደጋገማት፤ አስመስሎ ማፈግፈግና ማፈግፈግ አንድ አይደሉም፤ ቴዩል የውሸቷን ቶሎ ይለያታል። ቅዳሜ ቴዩል በሁለት አቅጣጫ መታ፣ እውነተኛው ጂሃክም አፈገፈገ፣ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ዶግዮም ከመድረኩ ጀርባ የቴዩልን ካፖርት ይዞ ቆሞ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ እናቱ ከትውልድ ከተማው ከኩንሳን ደወሉ። ሁልጊዜ ከግጥሚያ በኋላ ይደውላሉ።

«አየሁት ጨዋታውን» አሉ። «አንተን ግን ዛሬም አላየሁህም።»

«እኔ ከኋላ ነኝ እማዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እንዲያው ካሜራው አንዴ እንኳ ቢዞር ብዬ ነው።»

በብርዱ ማብቂያ ላይ የውትድርና ጥሪው መጣ። ከዚህ በላይ ማራዘም አይቻልም፤ ሚያዝያ ላይ ይገባል። ሲመለስ የዛሬዎቹ ልጆች ራሳቸው ጋሼ ተብለው ይጠብቁታል፤ በዚህ ሙያ ሁለት ዓመት ያረፈ እጅ እንደማይመለስ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። አሰልጣኝ ቦንግ ወደ ሰገነቱ ጠራው። የታጠቡ ካልሲዎች መካከል ቆመው ነው ያወሩት።

«የዙሩ የመጨረሻ ግጥሚያ ለደረጃችን ምንም አይለውጥም» አለ አሰልጣኙ። «ሦስተኛውን ጨዋታ አንተ ትጫወታለህ።»

ዶግዮም መጀመሪያ የመጣለት ጥያቄ የልማድ ነበር። «እንደ ማን?»

አሰልጣኙ ወደ እሱ ዞረ። «እንደ ማን ማለት ምን ማለት ነው? እንደ ራስህ ነዋ! ስምህ ከላይ ይጻፋል። ማ ዶግዮም ተብሎ።»

«ተጋጣሚዬስ ማነው?»

«ኩ ጂሃክ። ከእናቱ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አሸንፈው፤ ከዚያ ሂድ።»

እንዲህ ነበር የተጀመረው። አንድ ጨዋታ፤ በስሙ፤ በራሱ እጅ። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ችግር መጣ። ለጂሃክ መዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ጂሃክን የሚሆንለት ሰው ያስፈልገዋል። ቤቱ ውስጥ ጂሃክን መሆን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«እኔ እሆንልሃለሁ ጋሼ» አለ ቴዩል። «ስንት ዓመት ሆነህልኝ የለ? አሁን ተራው የኔ ነው።»

ቴዩል የቡድኑ ኮከብ ነው፤ ፎቶው ምድር ባቡር ጣቢያ ተለጥፏል። ታንኮቹን አራት ቁጥር ላይ አደረገ፣ ምላሱን ጥርሱ መካከል ነክሶ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ትዕግሥቱ አለቀና ሁሉን ጥሎ ወደ ፊት ሮጠ።

«ጂሃክ እንዲህ አይሮጥም» አለ ዶግዮም።

«ዛሬ ቸኩሎ ነው።»

«አንተ ጂሃክ አይደለህም። የጂሃክን ልብስ ሰርቀህ የለበስክ ቴዩል ነህ። እጅጌው እንኳ አልበቃህም።»

«እሺ፣ እንደገና! አሁን ተጠንቅቄ አሰልቺ እሆናለሁ።»

እንደገና ሞከሩ። አልሆነም። ቴዩል ከራሱ ሌላ ማንንም መሆን አይችልም፤ ኮከብ ያደረገውም ይኸው ነው። ዶግዮም ይህን ሲያይ ያልጠበቀው ቅናት ያዘው።

ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ላይ ማንም በማያውቀው አዲስ ስም መጫወት ጀመረ። አሳቡ ቀላል ነበር፦ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ብዙ ይጫወታል፤ የራሱን ቅጂዎች ያያል፤ የሌሎችን ያጠናበትን ዘዴ በራሱ ላይ ያውላል፤ የእሱ የሆነውን ለይቶ ያሳድገዋል። ገና በመጀመሪያው ቀን ተጋጣሚው መሃል ላይ ጻፈለት፦ «ኩ ጂሃክ ነህ አይደል? አትደብቀኝ። እህቴ ፊርማህን ትፈልጋለች።» በሌላው ቀን ሌላው፦ «እንዴ፣ ሰላይህን በዚያ በኩል የምትልክ ከሆነማ አወቅኩህ!» ብሎ የሌላ ታዋቂ ተጫዋች ስም ጠራ።

ዶግዮም ቅጂዎቹን አየ። እንደለመደው ሦስት ጊዜ። አከፋፈቱ የአንዱ ነው፤ ታንክ አሰላለፉ የጂሃክ፤ ሁለተኛ ሰፈር የሚመሠርትበት ሰዓት ባለፈው በጋ ያጠናው የአንድ ግራኝ ተጫዋች። እያንዳንዱን እያነሳ ወደ ባለቤቱ ቢመልስ ምን እንደሚቀር ለማየት ፈለገ። የኪቦርዱን አደራደር ሁሉ አጠፋና ባዶውን ሰሌዳ ተመለከተ። ታንኮቹን ከኩንሳን ሲመጣ የት ነበር የሚያደርጋቸው? ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈና ጠበቀ። ጣቶቹ ወደ አራት ሄዱ።

ያም ሆኖ ዕቅድ አወጣ፤ ያለ ዕቅድ መቀመጥ አያውቅበትም። ጂሃክ ሁለት ቦታ ሲመቱት ያፈገፍጋል። ስለዚህ ቀድሞ ጥቂት ጦር በአየር ጭኖ ከኋላ ያወርድበታል፤ በዚያው ቅጽበት ዋናውን ኃይል ፊት ለፊት በር ላይ ይለቀዋል። ቴዩል ከጀርባው ቆሞ፣ ደረቅ ኑድል ከፌስታሉ እየቆረጠመ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔ ጨዋታ ነው። መከር ላይ ያሸነፍኩበት።»

«ላንተ ማን ሠራልህ?»

«አንተ።»

«እና?»

ቴዩል መቆርጠሙን አቆመ። «አይ፣ ምንም። እንዲያው… ስትጫወተው እኔን ትመስላለህ።»

ግጥሚያው በገበያ ማዕከሉ ላይኛ ፎቅ አዳራሽ ነበር። ዶግዮም ወደ መጫወቻው የመስታወት ክፍል ሲገባ ቴዩል የእጅ ማሞቂያ ከረጢቱን እየፈተገ ተከተለው፤ እጅ ከቀዘቀዘ ጣት ይዘገያል። «ይኸውልህ፣ አሙቄልሃለሁ» ብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ካፖርቱንም ተቀበለው። ከላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ስሙ ተጽፏል፦ ማ ዶግዮም። ዶግዮም አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አነበበው፤ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀና ጩኸቱ ጠፋ።

መጀመሪያው ያማረ ነበር። ማዕድኑ አልተቋረጠም፣ ሠልጣኙ አልዘገየም፣ ሰላዩ በጊዜ ገብቶ ያየውን አየ። ጂሃክ ዶግዮም በሚያውቀው ቦታ፣ በሚያውቀው ሰዓት ተገኘ። ዶግዮም ከኋላ ጦር አወረደ። በዚያው ቅጽበት ፊት ለፊት በሩን መታ።

ጂሃክ አላፈገፈገም።

ጥቂት ሠራተኞች መሥዋዕት አድርጎ የኋላውን ዝም አለውና በሩ ላይ ቆመ። ዶግዮም ገረመው። ግን አልደነገጠም፤ የፊቱ ኃይል የእሱ ይበልጥ ነበር፤ ዕቅዱ ባይሠራም ውጊያው እየሠራ ነው። በሩ ተሰበረ። የመጀመሪያዎቹ ታንኮች ገቡ። አስተያየት ሰጪዎቹ ከወንበራቸው ተነስተው እየጮሁ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩት።

በዚህ ጊዜ ጂሃክ የቀረችውን ትንሽ ጦር በካርታው ጠርዝ አዙሮ የዶግዮምን ሁለተኛ ሰፈር መታ። ትንሽ ነበረች። ልትሠራ የምትችለው ብዙ አልነበረም። እንዲያውም ሰፈሩ ቢጠፋም ዶግዮም ያሸንፍ ነበር፤ ገፍቶ መግባት ብቻ ነበር የቀረው። ይህንን በደንብ ያውቅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ተደርድሮ ይታየዋል።

እጁ ጦሩን በሙሉ መረጠ። አንድ፤ ከዚያ አራት። ወደ ዋናው ሰፈር ላከው።

ዶግዮም ታንኮቹ ከተሰበረው በር እየወጡ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየ። የሌላ ሰው ቅጂ እንደሚያይ ሆኖ ነው ያየው፤ «አሁን ያፈገፍጋል» ብሎ አውቆ እንደሚጠብቅ። ይህን ያደረገው ራሱ መሆኑ የገባው በመንገድ ላይ የተዘረጉት ታንኮች ጀርባቸውን እየተመቱ መቃጠል ሲጀምሩ ነው። መልሶ ሊያዞራቸው ሞከረ። ግማሹ ዞረ፣ ግማሹ ሄደ፤ ሁለቱም አለቁ።

ጂጂ ብሎ ጻፈ።

ደንቡ ነውና ጂሃክ ከክፍሉ ወጥቶ እጅ ሊጨብጠው መጣ። በዕድሜ እኩያ ናቸው። በቅርብ ሲያየው ከንፈሩ በብርድ ተሰንጥቋል፤ ይህንን በየትኛውም ቅጂ አላየውም ነበር።

«በሩን ሰብረኸው ነበር እኮ» አለ ጂሃክ። «አለቀልኝ ብዬ ጂጂ ልጽፍ እጄን አንስቼ ነበር። ያቺ ማፈግፈግ ግን…» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ነበርኩ እንደዚያ የማደርገው። መከር ላይ በሷ ምክንያት በቴዩል ከተሸነፍኩ በኋላ ብርዱን በሙሉ ስታገላት ነው የከረምኩት። ጠላቴ ናት። አንተ ከየት አመጣሃት?»

«ካንተ» አለ ዶግዮም።

ጂሃክ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አየና ሳቁን ተወ፤ እጁን ግን ወዲያው አልለቀቀውም።

በቡድኑ መኪና ተመለሱ። አሰልጣኝ ቦንግ ከፊት ተቀምጦ መንገዱን እያየ፣ የወንዙ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ተናገረ።

«በሩን ሰብረህ ገብተህ ነበር።»

«አዎ፣ አሰልጣኝ።»

«ለምን ተመለስክ?»

«እጄ ነው። እንደዚያ ነው የሚያውቀው።»

አሰልጣኙ ወደ እሱ ዞር አለ። ተመልሶ ወደ ፊት ተቀመጠ፤ ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስም የቀበቶውን ማሰሪያ ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማ ነበር።

እናቱ የደወሉት ቤት ሳይደርሱ ነው።

«አየሁህ!» አሉ። እያለቀሱ ነበር። «አየሁህ ልጄ። ስምህም ተጻፈ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ነው ያየነው። ከስተሃል ግን።»

«ተሸነፍኩ እኮ እማዬ።»

«እሱንማ ነገሩኝ፤ እኔ ምኑን አውቅና? ጎንበስ ብለህ ስትሠራ ብቻ አየሁህ። አባትህ መረብ ሲጠግን እንደሚሆነው ነው የምትሆነው፤ አፍህን ከፈት አድርገህ።»

ዶግዮም ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አፉን ከፈት አድርጎ እንደሚጫወት ማንም ነግሮት አያውቅም። ቅጂ ላይ ፊት አይታይም።

የሚሄድበት ቀን ጠዋት ፀጉሩን ተላጭቶ ሲመለስ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተሰብስበው አፏጩበት። አንዱ እንቁላል አለው፤ ሌላው ጨረቃ። ሻንጣውን በር ላይ አስቀመጠ። ቴዩል ግን ወደ ኮምፒውተሮቹ ክፍል ጎተተው።

«አንዴ ብቻ። አውቶቡሱ ይደርሳል።»

«ሳምንቱ የማን ነው?» አለ ዶግዮም እየተቀመጠ። «ማንን ልሁንልህ?»

«ማንንም አትሁን። ዛሬ እኔ ነኝ የምሆነው።»

«ጂሃክን ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ዝም ብለህ ተጫወት።»

ጀመሩ። ዶግዮም እንደ ልማዱ መጀመሪያ አጠና። የቴዩል ሠራተኛ ገና ማዕድን ሳይነካ ሰፈሩን ትቶ ወጣ፤ ከልክ በላይ ቀድሞ። ጅልነት ነው፤ በሙያ ደረጃ ማንም እንዲህ አያደርግም። ሰላዩ መሃል ካርታው ላይ ደርሶ ያለ ምክንያት አንድ ዙር ዞረና ቀጠለ። ሁለተኛ ሰፈሩን ካርታው ላይ ካለው ግድግዳ አስጠግቶ ሠራ፤ አጥር አላደረገበትም። ታንኮቹ በሁለት በሁለት ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይጠብቀዋል። ዶግዮም ያጠናቸውን ሰዎች ሁሉ በአእምሮው አገላበጠ። ከማንም ጋር አልገጠመለትም።

«ይሄ ማነው?» አለ።

ቴዩል ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

«ማነው? አዲስ ልጅ ነው? ሰላዩን ለምንድነው የሚያዞረው?»

«እኔ አላውቅም ለምን እንደሚያዞረው። እኔም ያኔ ጠይቄው ነበር፤ ‹መንገዱ ደስ ስለሚለኝ› አለኝ። እኔ ገና አልጋ እንኳ አልተሰጠኝም፤ ወለል ላይ ነበር የምተኛው። ከኩንሳን ኪቦርዱን በፎጣ ጠቅልሎ የመጣ አንድ ጋሼ ነበር። መጀመሪያ ያሸነፈኝ እሱ ነው።»

የዶግዮም እጅ ማውሱ ላይ ቆመ። ከዚያ መንቀሳቀሱን ቀጠለ፤ ሥራ ነውና። አጥር ወደሌለበት ሁለተኛ ሰፈር ጦሩን ላከ። የት እንደሚመታ ያውቅ ነበር፤ እንዲህ የሚጫወት ሰው የሚመታው እዚያ ነው። ሠራተኞቹ ሮጡ፤ ሁለት ታንኮች እየተጠባበቁ ለመከላከል መጡና አልቻሉም። ዶግዮም ገፋ። አንዴ ቀስ አለ። አይቶት የማያውቀው ነገር ይኖር እንደሆን ብሎ ያን ግድግዳ አጠገብ ያለውን ሰፈር ትኩር ብሎ አየው። ቴዩልም ደካማ አስመሳይ ነውና የሆነ ቦታ ላይ ራሱን ረስቶ መሮጥ ጀመረ፤ ከዚያ አስታውሶ ተመለሰ።

ዋናው ሰፈር ሲቃጠል ቴዩል ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አለ። በዶግዮም ስክሪን ግርጌ ጽሑፉ ወጣ፦

«ጂጂ። ተምሬያለሁ።»

ዶግዮም ያንን ቃል አስታወሰ። በመጣ ሰሞን በተሸነፈ ቁጥር ይጽፈው ነበር፤ ልጆቹ ይስቁበት ነበር። የተወው እንዲመስለው የመጀመሪያው ተጋጣሚ ሲሰጠው ነው፤ ያ ሰው ጂጂ ብቻ ነበር የሚጽፈው።

ከውጭ አሰልጣኙ ስሙን ጠራ። አውቶቡሱ። ዶግዮም የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ በመስመሩ ጠቀለለ፤ ለሚቀጥለው ሰው እንዲመች። ኪቦርዱን ሊነቅል እጁን ሰደደና ተወው።

«አደራደሩን አጥፋልኝ» አለው ቴዩልን። «አራት ቁጥር ላይ ያለው የሰው ነው።»